ትንሽ ፓርቲ ሁሉ ከንቱ አይደለም፦ ስለ ጣሊያን ሪፐብሊካኖችና ሊበራሎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ጣሊያን ሪፐብሊካን ፓርቲና ሊበራል ፓርቲ ታሪክ ነው። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። አንብቤው ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጸሐፊው አማርኛቸው ያምራል፤ ብዙ እንዳነበቡም ያስታውቃል። ድምዳሜያቸው ግን ልክ አይደለም። ከጣሊያን ጋር ባለን ታሪክ ምክንያት ደግሞ እንዲህ ያለው ስህተት ለእኛ አንባቢዎች ቀላል ነገር አይደለም። በዓድዋ ጊዜ ሮም ውስጥ ማን ምን ይል እንደነበር መለየት አለብን።

በመጀመሪያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሪፐብሊካኑና ሊበራሉ በስም ይለያዩ እንጂ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሰሜን ጣሊያን ባለጸጎችና ምሁራን ክበብ ነበሩ ይላል። ወደ ዓድዋ ጦር የላኩትም እነሱ ናቸው ይላል። ለሙሶሊኒ በር የከፈቱት ሊበራሎች ናቸው፤ በኋላ መቃወማቸው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው ይላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በ3 እና በ5 በመቶ ድምፅ የክርስቲያን ዴሞክራቶች አጃቢ ከመሆን ያለፈ ነገር አልሠሩም ይላል። በመጨረሻም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሙስና ቅሌት መጥፋታቸው ባዶነታቸውን ያሳያል፤ ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ብቻ ያሉበት አገር ይሻላል ብሎ ይዘጋል።

በየተራ እመለስባቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ናቸው የሚለው ላይ ልጀምር፤ የሌላው ስህተት ሥር እዚህ ነው። ሁለቱን የለያቸው ትልቁ ጉዳይ ዘውዱ ነው። የሪፐብሊካኖቹ አባት ጁሴፔ ማዚኒ ናቸው። በ1831 ማርሴይ ላይ በስደት ሆነው «ወጣት ጣሊያን» የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ ዓላማቸው ጣሊያንን አንድ ማድረግ ብቻ አልነበረም። ያለ ንጉሥ አንድ ትሁን ነበር ያሉት። በ1849 ሮም ላይ ሪፐብሊክ ታወጀ። ማዚኒም ከሦስቱ መሪዎች አንዱ ሆኑ። ሪፐብሊኩ የኖረው ጥቂት ወራት ነው። የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን ከቦ ሲደበድብ፣ የምክር ቤቱ አባላት ተቀምጠው የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች ይከራከሩ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአደባባይ የታወጀው ሐምሌ 3 ቀን ነው፤ በዚያው ቀን የፈረንሳይ ወታደሮች ወደ ከተማዋ ይገቡ ነበር። የሞት ቅጣትን የሻረ ሕገ መንግሥት ነው። አንድ ቀን እንኳ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የዛሬውን የጣሊያን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰዎች ግን መለስ ብለው አይተውታል።

አገሪቱ በንጉሥ ሥር አንድ ከሆነች በኋላም ማዚኒ አልተለሳለሱም። በ1866 የመሲና ሕዝብ ለምክር ቤት መረጣቸው። የድሮ የሞት ፍርድ አለባቸው ተብሎ ምርጫው ተሰረዘ። በ1872 ፒሳ ውስጥ የሞቱት በሐሰት ስም ተደብቀው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በታገሉላት አገር ውስጥ።

ሊበራሎቹስ? እነሱ በንጉሡ ሥር ጣሊያንን አንድ ያደረጉት ጠቅላይ ሚኒስትር የካቩር ልጆች ናቸው። ንጉሥም ይኑር፣ ምክር ቤትም ይኑር፣ ንግድም ነጻ ይሁን ባዮች ናቸው። ከ1861 ጀምሮ ለስድስት አሥርት ዓመታት አገሪቱን የመሩት እነሱ ናቸው። ፓርቲ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ሥልጣኑ በእጃቸው ነበር። ሊበራል ፓርቲ በዚህ ስም የተቋቋመው በጥቅምት 1922 ቦሎኛ ላይ ነው። ሪፐብሊካን ፓርቲ ግን ከ1895 ጀምሮ ነበረ፤ እሱም የተመሠረተው እዚያው ቦሎኛ ነው። አንዱ ገዢ፣ ሌላው በፖሊስ የሚታደን ሆነው የኖሩ ሁለት ወገኖች እንዴት አንድ ይሆናሉ?

«የሰሜን ባለጸጎች ክበብ» የሚለው ለሊበራሎቹ በከፊል ይስማማል። የሁለቱም መሪዎች አብዛኞቹ ጠበቆችና ፕሮፌሰሮች ነበሩ፤ ይሄ አይካድም። የሪፐብሊካኖቹን መሠረት ማየት የፈለገ ግን ወደ ሮማኛ ይውረድ፤ ወደ ራቬና፣ ፎርሊና ቼዜና ገጠር። እዚያ ሪፐብሊካን ማለት የእኩል አራሽ ማለት ነበር። በ1910 አካባቢ ራቬና ውስጥ በመውቂያ ማሽን የተነሳ ትልቅ ጠብ ተነሣ። ሶሻሊስት የነበሩት የቀን ሠራተኞች ማሽኑ የእኛ ማኅበር ይሁን አሉ። ሪፐብሊካን የነበሩት የእኩል አራሾች ደግሞ የለም፣ የእኛ ይሁን አሉ። የሶሻሊስቶቹ ማሽን «ቀይ»፣ የሪፐብሊካኖቹ «ቢጫ» ይባል ነበር። የአንድ መንደር ሰዎች አውድማ ላይ የተደባደቡበት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ፓርቲ የባለጸጎች ክበብ አይባልም።

አሁን ወደ ዓድዋ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። በዓድዋ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፍራንቼስኮ ክሪስፒ በወጣትነታቸው የማዚኒ ተከታይ ነበሩ። በ1860 ከጋሪባልዲ ጋር ሲሲሊ ላይ ዘምተዋል። ታዲያ በ1864 ወደ ዘውዱ ዞሩ፤ «ንጉሣዊው ሥርዓት አንድ ያደርገናል፣ ሪፐብሊክ ይከፋፍለናል» የሚለው ቃላቸው ይታወቃል። የውጫሌ ውልን የተዋዋለው መንግሥት የእሳቸው ነው። ጦሩንም ያዘመቱት እሳቸው ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ ክሪስፒ ያን ሁሉ ያደረጉት ሪፐብሊካንነታቸውን ከጣሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሪፐብሊካን ሆነው የቀሩት ምን ይሉ ነበር? ናፖሌዮኔ ኮላያኒን ውሰዱ። ሲሲሊያዊ ናቸው፤ «የሰሜን ክበብ» የሚለውን ብቻቸውን ያፈርሱታል። የቅኝ ግዛት ፖሊሲውን አጥብቀው ተቃውመዋል። አንዳንድ ዘሮች በተፈጥሯቸው ዝቅተኛ ናቸው የሚለውን የዘመኑን «ሳይንስ» በጽሑፍ ተሟግተውታል። በታኅሣሥ 1892 ደግሞ የባንካ ሮማናን ቅሌት በምክር ቤት አጋለጡ። ባንኩ ከተፈቀደለት በላይ የገንዘብ ኖት ያትም፣ ፖለቲከኞችንም በብድር ይይዝ ነበር። ጉዱ የጊዜውን ጠቅላይ ሚኒስትር ሊበራሉን ጂዮሊቲንም ክሪስፒንም ነካ። ጸሐፊው ስለ ኮላያኒ አንድ መስመር አልጻፉም።

የዓድዋ ዜና ጣሊያን ሲደርስ የሆነውንም አላነሱም። በየከተማው ሰልፍ ወጣ። ወታደር ጭኖ ወደ ወደብ የሚሄደው ባቡር እንዳያልፍ ፓቪያ ላይ ሕዝቡ ሐዲዱን ዘጋ። «ምኒልክ ለዘላለም ይኑር» ብለው የጮኹ ጣሊያናውያን ነበሩ። ከሰልፈኞቹ ውስጥ ሶሻሊስቶች፣ ሪፐብሊካኖችና የፌሊቼ ካቫሎቲ ራዲካሎች ነበሩበት። ክሪስፒ በቀናት ውስጥ ከሥልጣን ወረዱ። የተተኩት ዲ ሩዲኒ ሲሆኑ እሳቸው ከወግ አጥባቂዎቹ ሊበራሎች ወገን ናቸው። የውጫሌን ውል የሰረዘውንና የኢትዮጵያን ነጻነት ያወቀውን የአዲስ አበባ ስምምነት በጥቅምት 1896 የፈረመው የእሳቸው መንግሥት ነው። ስለዚህ ሊበራሎቹም እርስ በርሳቸው አንድ አልነበሩም። ሚላኖ ውስጥ የአፍሪካውን ጦርነት እንደ ብክነት የሚያዩ ብዙ ሊበራል ነጋዴዎች ነበሩ። ለእኛ አዝነው አልነበረም፤ ለግብራቸው ነው። ቢሆንም ተቃውመዋል።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ደግሞ ልቀበል። ሊቢያን በ1911 የወረሩት ሊበራሉ ጂዮሊቲ ናቸው፤ ከሪፐብሊካኖቹም የደገፏቸው ነበሩ። በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወር የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኦርላንዶ ድጋፋቸውን በደብዳቤ ገለጹ። ፈላስፋው ቤኔዴቶ ክሮቼ እንኳ የመንግሥቱን ፖሊሲ አልደግፍም እያሉ፣ «ወርቅ ለአገር» በተባለው ዘመቻ የሴናተርነት ሜዳሊያቸውን ሰጡ። ያ ወርቅ የተሰበሰበው በእኛ ላይ ለተከፈተ ጦርነት ነው። እኔ ክሮቼን አከብራለሁ፤ ይህን ግን ይቅር ለማለት ይከብደኛል። በዚያው ሰዓት ካርሎ ሮሴሊ ፓሪስ ውስጥ በሚያሳትሙት ጋዜጣ ወረራውን ያወግዙ ነበር። ሮሴሊ ራሳቸውን ሊበራል ሶሻሊስት የሚሉ ሰው ናቸው። በሰኔ 1937 ከወንድማቸው ከኔሎ ጋር ፈረንሳይ ውስጥ መንገድ ላይ ተገደሉ።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ሙሶሊኒ። በ1921 ምርጫ ፋሺስቶቹን በራሳቸው የምርጫ ዝርዝር ውስጥ ያስገቧቸው ጂዮሊቲ ናቸው። ፋሺስቶቹም 35 ወንበር ያገኙት በዚህ ነው። በኅዳር 1922 ሙሶሊኒ የመተማመኛ ድምፅ ሲጠይቅ 306 ለ116 አለፈ። ጂዮሊቲ፣ ሳላንድራ፣ ኦርላንዶ ደግፈው ድምፅ ሰጡ። ክሮቼም በ1924 ፋሺስቶች የሶሻሊስቱን የምክር ቤት አባል ማቴዮቲን ከገደሉ በኋላ በሴኔቱ መንግሥቱን ደግፈዋል። ይህ የሊበራሎቹ ዕዳ ነው፤ ማንም አይፍቅላቸውም።

ግን ከዚህ ተነሥቶ «ሊበራሊዝም የፋሺዝም አባት ነው» ማለት አይቻልም። በዚያ ቀን የደገፉት ሊበራሎች ብቻ አይደሉም። የካቶሊኮቹ ፓርቲም ደግፏል፤ አልቺዴ ደ ጋስፔሪ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተዋል። ጸሐፊው የሪፐብሊኩ መሥራች ብለው የሚያመሰግኗቸው ደ ጋስፔሪ ማለት ነው። በአንድ ድምፅ ሊበራሎቹ ከተኮነኑ፣ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹም አብረው መኮነን አለባቸው። ሪፐብሊካኖቹ ግን ከተቃወሙት ጋር ናቸው። አንድ የሚሏቸው ሁለት ፓርቲዎች በዚያ ወሳኝ ቀን የተለያየ ድምፅ ሰጡ። የለያቸውም ያው የዘውዱ ጉዳይ ነው። ከዚያ ድምፅ ጥቂት ሳምንት በፊት፣ በጥቅምት 28 ጠዋት የሊበራሉ የሉዊጂ ፋክታ መንግሥት ወደ ሮም የሚዘምቱትን ፋሺስቶች በጦር ለማስቆም አዋጅ አዘጋጅቶ ነበር። ለየክፍለ ሀገሩ ቴሌግራም ተልኳል። ንጉሡ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ 3ኛ አልፈርምም አሉ። አዋጁ ተሻረ። በንጉሥ ላይ የቆመ ሊበራሊዝም ንጉሡ ሲከዳው የሚይዘው አጣ። ሪፐብሊካኖቹ ሲያስጠነቅቁ የኖሩት ይህንን ነበር። (እነሱም ንጹሕ አይደሉም፤ ከፋሺስት አለቆቹ አንዱ ኢታሎ ባልቦ በወጣትነቱ ሪፐብሊካን ነበር።)

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ግን አሳዝኖኛል። ጅቡ መቼ ሄደ? ፒዬሮ ጎቤቲን አስቡ። ቱሪን ውስጥ የሊበራል ሳምንታዊ መጽሔት የሚያዘጋጅ ወጣት ነው። ሰኔ 1924 ሙሶሊኒ ራሱ ለቱሪን አስተዳዳሪ ቴሌግራም ላከ፤ የዚህን ተቃዋሚ ኑሮ አክብዱበት የሚል። አገር የሚገዛ ሰው ስለ አንድ መጽሔት አዘጋጅ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ጎቤቲ ተደበደበ። በየካቲት 1926 ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ ዕድሜው 24 ነበር። ጆቫኒ አሜንዶላም በፋክታ መንግሥት የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ነበሩ፤ ለእኛ የሚጥም ማዕረግ አይደለም። ግን በሐምሌ 1925 የፋሺስት ወሮበሎች መንገድ ላይ ጠብቀው ቀጠቀጧቸው። በሚያዝያ 1926 ካን ውስጥ በዚያው ጉዳት ሞቱ። ክሮቼ በግንቦት 1925 የጸረ ፋሺስት ምሁራንን መግለጫ ሲጽፉ ሙሶሊኒ ሙሉ ሥልጣን ላይ ነበር። እነዚህ ሰዎች የጮኹት ጅቡ ደጃፋቸው ቆሞ ሳለ ነው።

አራተኛው፣ «አጃቢ» የሚለው። ሊበራሎቹም ሪፐብሊካኖቹም በክርስቲያን ዴሞክራቶች ጥምር መንግሥት ውስጥ ለብዙ ዓመት ተቀምጠዋል። ሊቃወሙት የሚገባቸውን ብዙ ነገርም ውጠዋል። እስማማለሁ። ከዚህ በቀር ግን ክሱ አይቆምም።

ሰኔ 2 ቀን 1946 ሕዝቡ ንጉሥ ወይስ ሪፐብሊክ ተብሎ ሲጠየቅ፣ 12.7 ሚሊዮን ለሪፐብሊክ፣ 10.7 ሚሊዮን ለንጉሥ ድምፅ ሰጠ። ናፖሊ ለዘውዱ፣ ሮማኛ በከፍተኛ ብልጫ ለሪፐብሊክ። ሪፐብሊካን ፓርቲ የዘውዱ ጉዳይ ሳይቆርጥ የንጉሡ መንግሥት ውስጥ አልገባም ብሎ ቆይቶ ነበር። የገባው ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ ነው። ሥልጣን የሚፈልግ አጃቢ እንዲህ አያደርግም። ሊበራሉ ሉዊጂ ኤይናውዲ ደግሞ ለንጉሥ ድምፅ እንደሚሰጡ በጋዜጣ ጽፈው ነበር። ተሸነፉ። ውጤቱን ተቀበሉ። በ1947 የበጀት ሚኒስትር ሆነው የባንኮችን ብድር በማጥበቅ የሊሬውን የዋጋ ንረት አቆሙ። አዲስ ወጪ የሚያመጣ ሕግ ሁሉ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያሳይ የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 81 ከተሟገቱለት አንዱም እሳቸው ናቸው። በ1948 የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

የውጭ ጉዳዩስ? የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳንን በ1949፣ የከሰልና ብረት ማኅበሩን ውል በ1951 ለጣሊያን የፈረሙት ሪፐብሊካኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ካርሎ ስፎርዛ ናቸው። ስማቸው ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1949 ከእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከቤቪን ጋር ያዘጋጁት ዕቅድ ትሪፖሊታኒያንና ሶማሊያን በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር፣ ከምዕራባዊው ክፍል በቀር ኤርትራን ለኢትዮጵያ የሚል ነበር። በተባበሩት መንግሥታት የሄይቲ ድምፅ ጎደለና ወደቀ። ሪፐብሊካን ሆኖ ቅኝ ግዛት መፈለግ ነውር ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የአውሮፓ ኅብረት መነሻ የሆነውን የ1957 የሮም ውል ደግሞ ከጠቅላይ ሚኒስትር ሴኚ ጋር የፈረሙት ሊበራሉ ጋኤታኖ ማርቲኖ ናቸው። መሲናዊ ናቸው። ያ ከተማ ማዚኒን የመረጠው ከተማ ነው።

በ1951 የውጭ ንግድ ሚኒስትሩ ሪፐብሊካኑ ኡጎ ላ ማልፋ የገቢ ዕቃ ገደቦችን አብዛኛውን አነሡ። ባለፋብሪካዎቹ ተቃወሙ። ጣሊያን ግን ቀጥሎ በታሪኳ ያልታየ የኢንዱስትሪ ዕድገት አየች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሶሻሊስቶችን ወደ መንግሥት እናምጣ ያሉት ላ ማልፋ ናቸው። አይሆንም፣ ኤሌክትሪክ በመንግሥት መወረሱም ትክክል አይደለም ያሉት የሊበራሉ መሪ ማላጎዲ ናቸው፤ በ1963 ምርጫ 7 በመቶ ያመጣላቸውም ይህ አቋም ነው። ሁለቱ ፓርቲዎች ፊት ለፊት ቆመው ነበር። በ1970 የወጣውን የፍቺ ሕግ ያቀረቡት ሶሻሊስቱ ፎርቱናና ሊበራሉ ባስሊኒ ናቸው። ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ተቃወሙት። በ1974 ሕዝበ ውሳኔ 59 በመቶው ሕዝብ ሕጉ ይቆይ አለ። አጃቢ ተብሎ የተናቀው ወገን ትልቁን ፓርቲ ከነቤተ ክርስቲያኑ አሸነፈ።

ጆቫኒ ስፓዶሊኒም አሉ። በ1981 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ፓርቲያቸው በምክር ቤት የነበረው 16 ወንበር ነው፤ 3 በመቶ። ከ1945 በኋላ ክርስቲያን ዴሞክራት ያልሆነ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ያኔ የምስጢር ማኅበሩ የ«ፔ ዱዌ» የ962 አባላት ስም ዝርዝር ተገኝቶ አገር ተናውጦ ነበር፤ ጄኔራሎች፣ ሚኒስትሮች፣ የስለላ አለቆች ሁሉ። በጥር 1982 ማኅበሩን የበተነው ሕግ የወጣው በስፓዶሊኒ ዘመን ነው። ለምን እሳቸው ተመረጡ? ትልልቆቹ ፓርቲዎች የሚታመን ሰው ከራሳቸው ውስጥ ማቅረብ ቸግሯቸው ነበር።

የቀረው ሙስናው ነው፤ እዚህ አልረዝምም። የ1992ቱ ቅሌት ሁለቱንም ነካ። የሊበራሉ የጤና ሚኒስትር ዴ ሎሬንዞ ተፈርዶባቸዋል። የሪፐብሊካኑ መሪ ጆርጆ ላ ማልፋ በሕገ ወጥ የገንዘብ ድጋፍ ጉዳይ በ1993 ከመሪነት ወረዱ። ሊበራል ፓርቲ በየካቲት 1994 ራሱን አፈረሰ። ግን ትልቁ ክርስቲያን ዴሞክራት ፓርቲም በዚያው ጥር ፈርሷል። የሶሻሊስቱም መሪ ክራክሲ ቱኒዚያ ሸሽተው ቀሩ። ቅሌት ትንሽነትን የሚያረጋግጥ ቢሆን ኖሮ ትልልቆቹ ይተርፉ ነበር። ሪፐብሊካን ፓርቲ እንዲያውም አነስ ብሎ እስከ ዛሬ አለ። ደግሞ ሚዛኑ ሙሉ ይሁን። በ1973 የግምጃ ቤት ሚኒስትር የነበሩት ኡጎ ላ ማልፋ ከማፊያ ጋር ንክኪ የነበረው ባለባንኩ ሲንዶና የጠየቀውን የካፒታል ማሳደጊያ ፈቃድ ከለከሉ። ግፊቱ ከባድ ነበር። አልፈቀዱም። በቀጣዩ ዓመት የሲንዶና ባንክ ወደቀ። ሒሳቡን እንዲያጣራ የተሾመው ጠበቃ ጆርጆ አምብሮሶሊ በሐምሌ 1979 ሚላኖ ውስጥ ቤቱ ደጅ ላይ ተገደለ። የዚያ ፈቃድ መከልከል ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ከዚህ ይታያል።

«ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ይሻላሉ» የሚለውን ጣሊያን ሞክራዋለች። በ1993 የወጣው የምርጫ ሕግ ሦስት አራተኛውን ወንበር በየወረዳው አንደኛ ለወጣ ሰጠ። ፓርቲዎች ግን አልቀነሱም፤ በሁለት ጥምረቶች ጥላ ሥር በዙ። በ1998 የፕሮዲ መንግሥት 313 ለ312 ወደቀ፤ በአንድ ድምፅ። የቀድሞ ሊበራሎችም ተበታተኑ። ከፊሉ ወደ ግራ ሄደ። የጋኤታኖ ማርቲኖ ልጅ አንቶኒዮ ደግሞ ከቤርሉስኮኒ ፓርቲ መሥራቾች አንዱ ሆነ። አባቱ በፓርቲ ውስጥ ተከራክሮ የሚያሳምንበት ቦታ ነበረው፤ እዚህ የነበረው የአንድ ባለጸጋ ፓርቲ ነው።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚቀጥል ተናግረዋል፤ ስለ ተግባር ፓርቲ እንደሚሆንም ጠቁመዋል። ያ ፓርቲ በ1946 ምርጫ 1.5 በመቶ ድምፅና 7 ወንበር ብቻ ነው ያገኘው፤ በዓመቱም ፈረሰ። ቁጥሩን እንደሚጠቅሱት አልጠራጠርም። እባክዎ ከዚያ በፊት የነበረውን አብረው ይጻፉ። በጀርመን ወረራ ጊዜ ከኮሚኒስቶቹ ቀጥሎ ብዙ የደፈጣ ተዋጊ ያሰለፈው ይኸው ፓርቲ ነው። በሰኔ 1945 ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ፌሩቾ ፓሪም ከእነዚያ ተዋጊዎች መሪዎች አንዱ ነበሩ።